አቤት የሚባል ግስ

ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ ሰባተኛ "ሐ" ክፍል፣
ስድሳ ስምንት ልጆች ሆነን፣ አንድ ዴስክ ለአራት ስንካፈል፣
መምህር ላንቃሞ ሻሎ ጠመኔውን ለሁለት ሰብሮ፣
ለነገ እንዲተርፍ ግማሹን በመሐረብ ቋጥሮ፣
የእንግሊዝኛ ግስ ጻፈ፣ አምስት ፊደል፣ ከሰሌዳው ጥግ።
"አንብቡ!" አለን። ባንድ አፍ "አባተ!" ስንል፣ አንድ ልጅ ብድግ፤
ከመስኮቱ ሥር፣ ክንዱን ተንተርሶ ያንቀላፋው አባተ በየነ
ዓይኑን እያሸ "አቤት!" አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ተበተነ።

መምህር አልሳቀም።
"እናንተ አንብባችሁ ሳታችሁ፤ እሱ ተኝቶ አገኘው።
አቤይት ነው አነባበቡ፤ 'ይ'ዋን ሳትነክሱ ዋጧት፣ ያው ነው።"

ትርጉሙን ሊነግረን አፉን ከፈተ፤ ከሐይቁ ማዶ ዝናብ መጣ።
ቆርቆሮው ላይ የጠጠር መኪና ተገለበጠ፤ የሚሰማ ጆሮ ታጣ።
ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ የለም። እጁን አጣጥፎ ቆመ።
ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። አንዱ በዚያ መሐል እስክሪብቶ ቀማ፣ አንዱ ተጋደመ።
ከዚያ ጠጠሩ ጤፍ ሆነ፤ ጤፉ ደግሞ ጣት ሆነ፣ ቆርቆሮ የሚመታ፣
የረሳውን ሊያስታውስ ጠረጴዛ እንደሚቆረቁር ሰው፣ በእርጋታ።
መምህር ጠመኔውን ወደ ጣራው ቀሰረ፣
"ይሄ ነው! አሁን የሆነው!" ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ፦
"አላለቀም፣ ስሙት፤ ጉልበቱ ከዳው እንጂ ዝናቡ አለ።
አለቀ ለማለት ሌላ ግስ አለ፤ ይሄ፣ ያው ሆኖ የቀለለ።"

ለምን ለምን እንደሚሆን አስጻፈን። ለነፋስ። ለጎርፍ። ለቁጣ።
ለሕመም፣ ለጩኸት፤ ማንም ሳይጠራው በኃይል ለመጣ።
ዘሪቱ እጇን አወጣች፦ "በኛ ዝናብ ያባራል፣ ነፋስ ይረግባል፣ ትኩሳት ይበርዳል፣
ጎርፍ ይጎድላል፣ እብጠት ይሟሽሻል፤ ለሁሉ አንድ ቃል እንዴት ይበቃል?"
"ምን ያድርጉ" አለ መምህር፣ "ችግር ነው።"
"ለደመወዝ ግን አይሆንም፤ የኔ በሌላ ግስ ነው የሚያንሰው" አለና ብቻውን ሳቀ።
"ለሰውም አይሆንም። ሰው አይባልበትም።" አሰመረበት፤ ደወል ተመታ፤ ክፍለ ጊዜው አለቀ።

ዓመታት።

አባቴ፣ አሞራ ገደል ላይ ሠላሳ ዓመት መረብ የሳበ፣
ሪፈራል ሆስፒታል፣ አልጋ ዐሥራ አራት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠበበ።
ክንዱ፣ ያ ጀልባ የሚገፋው፣ አንሶላ የሚገፋ አቅም አጣ፤
የዓሣው ሽታ ብቻ ከጥፍሩ ሥር አልወጣ።
በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ ገባ፤
ከአባቴ በላይ በእንግሊዝኛ ያወራል፤ ይጽፋሉ፣ ሰባት ነጭ ካባ።
ሕመሙን ጠራ፤ መድኃኒት ጠራ፤ ቁጥር ጠራ፤ ከዚያ ያቺ ቃል፣ ከነ'ይ'ዋ፣
እንደ ዓሣ ዘለለች፤ አወቅኋት። ግን አፍራሽ ቃል ነበር ከፊቷ፣ እንደ ጥላዋ።

አባቴ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።
"አቤት?" አለ።
እስክሪብቶው ሁሉ ቆመ።
"ምን ፈለጉ፣ አባባ?"
"እርስዎ ጠሩኝ እንጂ።"

መምህር ላንቃሞ፣ ለሰው አይሆንም ብለውን ነበር።
አስምረውበታል። ደብተሬ ጠፍቷል፤ መስመሩ እስካሁን ቀጥ እንዳለ ነበር።

ማታ ዘነበ፤ የሆስፒታሉ ጣራ ሲሚንቶ ነው፣ ዝናብ አያሰማ።
"አባ" አልኩት በጨለማው። "አቤት" አለ። ደግሜ ጠራሁት፤ የምለው ኖሮኝ አይደለም፣ ልሰማ።
"አቤት።"
ቆየት ብዬ ጠራሁት።
"አቤት"፤ ያችው ቃል፣ ያው ሰው፣ ጠጠሩ ጤፍ ሲሆን፣
ጤፉ ጣት።

ደግሞ ጠራሁት።